ማን ያርዳ የቀበረ፦ ስለ ልኬትና ስለ ኅሊና

‹‹ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ›› ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ዘወትር የሚጠቀሰው ታሪክ ሲወሳ ነው። እኛ የግንባታን መጠንና ዋጋ ማስላት የምንማር ተማሪዎች ግን ለሙያችን የተነገረ ያህል ይሰማናል። በግንባታ ሥራ ዋናው ነገር የሚቀበር ነውና። መሠረቱ በአፈር ይቀበራል። ፌሮው በአርማታ ይቀበራል። የቧንቧው መስመር በግድግዳ ይቀበራል። ለዓይን የሚቀረው ቀለሙ፣ መስኮቱና ጣራው ነው፤ እሱንማ ማንም መንገደኛ ቆሞ ሊቆጥረው ይችላል። እንግዲህ የተቀበረውን የሚያረዳ ማን ነው? ከመቀበሩ በፊት ሜትር ይዞ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ የቆመው ሰው ነው። ያ ሰው ነገ እኛ ነን።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ለኪ የማን ወገን ነው? ደመወዝ የሚከፍለው የአሠሪው? ‹‹እባክህ ትንሽ እዘንልኝ›› የሚለው የተቋራጩ? ወይስ በቦታው ያልነበረና ስሙም የማይታወቅ የሌላ ሰው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ ከሙያው እንጀምር። ዶርም ውስጥ ‹‹ምንድን ነው የምትማሩት?›› ብሎ የማይጠይቀን የለም። ‹‹ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት›› ስንል ‹‹አሃ፣ ሲቪል ናችኋ!›› ይሉናል። ‹‹የለም፣ የሥራ መጠን እናወጣለን፣ ዋጋ እንተምናለን፣ ውል እንከታተላለን›› ስንል ደግሞ ‹‹እንዲያ ከሆነ ሒሳብ ሹም ነን በሉና!›› ብለው ይስቃሉ። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ኳንቲቲ ሰርቬየር የሚባለው ባለሙያ ከፕላን ላይ እያንዳንዱን ሥራ በሜትር፣ በካሬ፣ በኪዩብና በኪሎ ያወጣል። ያንን በዝርዝር መዝግቦ ዋጋ የሚሞላበትን ሰንጠረዥ ያዘጋጃል። ሥራው ሲጀመር ደግሞ በየጊዜው ሳይት እየወረደ የተሠራውን ይለካና ለተቋራጩ ስንት ብር እንደሚገባው የሚገልጸውን የክፍያ ምስክር ወረቀት ያሰናዳል። ስሙን ልብ እንበል፤ ‹ምስክር› ወረቀት ነው የሚባለው። እንግዲህ እያንዳንዱ ልኬት የምስክርነት ቃል ነው ማለት ነው።

ምስክር ደግሞ ሕግ ይፈልጋል። ግድግዳ ስንለካ የመስኮቱን ክፍት ቦታ እንቀንስ ወይስ አንቀንስ? ቁፋሮ ስንለካ ግንበኛው የሚቆምበት ትርፍ ቦታ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር? በዚህ ላይ አስቀድሞ ስምምነት ከሌለ ሁለት ሐቀኛ ሰዎች አንዱን ቤት ለክተው ሁለት መልስ ያመጣሉ። በእንግሊዝ አገር የሙያው ሰዎች በለንደን ማኅበር ያቋቋሙት በ1868 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለሕንጻ ሥራ አንድ ወጥ የልኬት ደንብ የታተመው ግን በ1922 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከሉ 54 ዓመት አለፈ። በእኛ አገር የሕንጻ ትምህርት በኢትዮ-ስዊድን የሕንጻ ቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረው በ1954 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ክፍል ውስጥ የሚጠቀሰው ‹ባትኮዳ› የተባለው የሥራ ጥራትና የልኬት ደንብ የወጣው በ1983 ዓ.ም. ነው። ይህ ሁሉ የሚያስረዳን ልኬት ከቁጥር በፊት ስምምነት መሆኑን ነው።

ይህን ደግሞ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ከደንቡ በፊት ያውቀዋል። ክንድ፣ ስንዝር፣ ጋት የሚባሉት መለኪያዎች ከሰው ገላ የተወሰዱ ናቸው። ጥማድ ሁለት በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። በገጠራችን የቤት ስፋት የሚነገረው በካሬ ሜትር ሳይሆን በቆርቆሮ ቁጥር ነው፤ ‹‹የ60 ቆርቆሮ ቤት ሠራ›› ሲባል የሰውዬው አቅምም፣ የቤቱ ስፋትም፣ ያጣው በሬም አብሮ ይታወቃል። ቡሬ ገበያ በርበሬና በቆሎ ሲሸጥ ሻጭና ገዢ በመስፈሪያው አፍ ላይ ይከራከራሉ፤ ተሞልቶ ይከመር ወይስ በእጅ ይላግ? ሙግቱ ሊጦፍ ይችላል። ዳሩ ግን ሁለቱም እዚያው ናቸው፤ መስፈሪያውም በመካከላቸው ነው። የአንዱ ክንድ ከሌላው ቢረዝም እንኳ ክንዱን የዘረጋው ማን እንደሆነ ያያሉ። የጥንቱ ልኬት ትክክል ላይሆን ይችላል፤ የተሰወረ ግን አልነበረም።

የተሰወረ ልኬት ሲመጣ ምን እንደሚሆንም ይህ አገር አይቷል። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ቀላድ ተጥሎ መሬት በጋሻ ሲሸነሸን፣ 66 ሜትር ያህል የሚረዝመው ገመድ ለብዙ ገበሬ የመነቀል ምልክት ሆነ። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው፤ ገመዱ ሲነሣ ባለርስት የነበረው ጭሰኛ ሆኖ ይገኝ ነበር። የጎጃም ገበሬ ይህን ሰምቷል። እሱ ርስቱን የሚቆጥረው በአባት በእናት ሐረግ ነው እንጂ በገመድ አይደለም። ስለዚህ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ‹‹መሬት ይለካ›› ሲባል በብርቱ ተቃወመ፤ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅም ጎጃምን ከለምና ከጠፍ ተመን አውጥቶ በቀድሞው ልማድ እንዲገብር ተወው።

ከዚያ 1960 ዓ.ም. መጣ። የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ታወጀና ምርቱን የሚገምቱ ኮሚቴዎች ወደ ገጠር ወረዱ። ገበሬው ‹‹ዛሬ እህሉ ተገመተ፣ ነገ መሬቱ ሊለካ ነው›› አለ። በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞት ጠመንጃውን አነሣ። ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዢው ከሥልጣናቸው ተነሡ፤ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ። ለመሆኑ ይህ ገበሬ መሃይም ስለሆነ ነው ሜትር የጠላው? እንዲህ ብለው የጻፉ አልጠፉም። እኛ ግን ነገሩን ከሙያችን አንጻር ስንመረምረው ሌላ እናያለን። ገበሬው ከመለኪያው ጋር ጠብ አልነበረውም፤ በጥማድና በቁና ሲለካ ኖሯል። የጠላው እሱ ያልመከረበትን፣ ውጤቱ የማይነበብለትን፣ ገማቹም ለእሱ የማይጠየቅለትን ልኬት ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ይነሣል፤ ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ይበቃል ወይ? በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል ‹ቢሮክራት› የተባለው ገበሬ ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከ1 ሄክታር ያህል በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። የገመዱ ልኬት ስንዝር እንኳ ያልተዛነፈበት ቦታ ይኖራል። ግን ማን ‹ቢሮክራት› ይባል የሚለው ከገመዱ በፊት ተወስኗል። ስለዚህ ከልኬት ፊት ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንዱ ‹‹እውነት ነወይ?›› የሚል ነው። ሁለተኛው ‹‹ተገቢ ነወይ?›› የሚል ነው። ትምህርታችን የመጀመሪያውን በደንብ ያሠለጥነናል፤ ካልኩሌተርም ይረዳናል። ሁለተኛውን የሚያወርድ ፎርሙላ የለም። ነገር ግን የመጀመሪያውን የዋሸ ሰው ሁለተኛውን ለመጠየቅ አፍ አይኖረውም። ልካችን እውነት ካልሆነ ስለ ፍትሕ የምንለው ሁሉ ወሬ ነው።

እስቲ ወደ ሳይት እንውረድ። በአንድ የገጠር ቀበሌ ትምህርት ቤት ይሠራል እንበል፤ ምሳሌ ነው። የመሠረቱ ጉድጓዶች 24 ናቸው። እያንዳንዱ 1.20 ሜትር በ1.20 ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ በፕላኑ 1.50 ሜትር ነው። ሥራው ሲደርስ ቆፋሪዎቹ 1.35 ላይ ቆሙ። ለመንግሥት በሚቀርበው ሒሳብ ላይ ግን 1.50 ተብሎ ተጻፈ። ቆፋሪዎቹ በቁርጥ ስለሆነ የሚሠሩት፣ ለእነሱ ሲለካ ደግሞ ‹‹ታችኛው ልል አፈር ነው፣ አይቆጠርም›› ተባለና 1.20 ተያዘላቸው። አያችሁ? አንድ ጉድጓድ፣ ሦስት ጥልቀት! ሒሳቡን እንሥራው። የተከፈለበት 51.84 ሜትር ኪዩብ ነው። የተቆፈረው 46.66 ነው። ቆፋሪው የተከፈለው ለ41.47 ነው። ከሕዝብ ገንዘብ 5.18 ኪዩብ ተወሰደ፤ ከቆፋሪው ላብም ልክ 5.18 ኪዩብ ተወሰደ። ሜትር የተባለው ነገር ወደ ላይ ሲለካ ይረዝማል፣ ወደ ታች ሲለካ ያጥራል ማለት ነው። በአገራችን ሙስና ሲባል የመንግሥት ካዝና ብቻ ይታየናል። ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን ገጠር አካፋ ይዞ የመጣው ልጅ ግን ሜትር የማንበብ መብቱን የሚያስከብርለት ኦዲተር የለውም። ካፖው ‹‹ይኸው ነው›› ካለው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አፈሩ ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። ፌሮውም አለ። በፕላኑ ላይ በየ15 ሳንቲ ሜትር ይደርደር የተባለ ብረት በየ20 ቢደረደር፣ በ3 ሜትር ርዝመት ውስጥ 21 መሆን የነበረበት ፌሮ 16 ይሆናል። 5 ፌሮ ጎደለ። አርማታው ሲፈስበት ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው፤ ላዩ ለስላሳ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ። ሲ-25 ለሚባለው አርማታ በ1 ሜትር ኪዩብ 3.6 ኩንታል ሲሚንቶ ይግባ ተብሎ 3 ኩንታል ቢገባም ካሳፎርማው ሲፈታ ከለሩ አይናገርም። የሚናገረው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ስንጥቁ ሲጀምር። ያን ጊዜ ፈራሚው ሌላ ከተማ ነው፣ ተቋራጩ ስሙን ለውጧል፣ ወረቀቱም ከመጋዘን ውስጥ አይገኝም። ከዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ግን እዚያው ነው።

‹‹ታዲያ ምን እናድርግ? ሁሉም ያደርገዋል፤ እኔ ባልፈርም ሌላው ይፈርማል›› የሚሉ ጓደኞች አሉን። ክርክሩ ጠንካራ ይመስላል። ዳሩ ግን እስቲ እንጠይቅ፤ ፊርማችን ይህን ያህል ዋጋ ቢስ ከሆነ ስለምን ይለመናል? ስለምን ምሳ ይጋበዝበታል? የሚለመነው ዋጋ ስላለው ነው። ሌላው ይፈርማል የምንለው ሰውም እንዲሁ ብሎ ወደ እኛ ጣቱን እየቀሰረ ነው። ሁሉም ወደ ሌላው ጣት ሲቀስር ጉድጓዱ ይደፈናል።

ሌሎች ደግሞ ‹‹ልኬት ውስጥ ስሕተት አይጠፋም›› ይላሉ። እውነት ነው፤ አይጠፋም። ነገር ግን ስሕተትና ማጭበርበር በአካሄዳቸው ይታወቃሉ። ስሕተት እንደ ሰካራም ነው፤ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይወላገዳል። ማጭበርበር ግን መንገዱን ያውቃል፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ኪስ ይሄዳል። የዓመቱን የልኬት መዝገብ ገልጦ ስሕተቱ ሁሉ ለአንድ ወገን ያደላ መሆኑን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

ከሁሉ የከበደው ክርክር የሚቀጥለው ነው፤ እሱንም ሳንሸሽ እንየው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ዋጋ ሞልቶ የፈረመ ትንሽ ተቋራጭ ከውጭ የሚገባውን ብረት በአዲሱ ዋጋ መግዛት ነበረበት። ሰውየው ሌባ አይደለም፤ ከስሯል። ወደ ልኬት ባለሙያው መጥቶ ‹‹ዋጋው ከዳኝ፤ በመጠን አካክስልኝ፣ አለዚያ ቤቴን መሸጤ ነው›› ሲል ምን ይባላል? ማዘን ኃጢአት ነው እንዴ?

እኛ የምንለው ማዘን ይገባል፤ ማዘኑ ግን በግልጽ ይሁን ነው። የዋጋ ችግር የዋጋ ጥያቄ ነው። ውሉ የዋጋ ማስተካከያ የሚፈቅድ እንደሆነ በማስረጃ ይጠየቅ፤ የማይፈቅድ እንደሆነም አሠሪው ፊት ቀርቦ ይሞገት። የልኬት ባለሙያው እውነተኛ ውለታ ደረሰኙን፣ ቀኑንና የብረቱን ኪሎ አሰናድቶ ያንን ሙግት ማጠናከር ነው። ጉዳቱን በሐሰት መጠን ስንሸፍነው ግን እውነተኛው በደል ከመዝገብ ይጠፋል። ውሉ መጥፎ እንደሆነ፣ ዋጋው እንደከዳ ማንም አያውቅም፤ በሚመጣው ዓመትም ያው ውል እንደገና ይፈረማል። አንድን ተቋራጭ በድብቅ አድነን መቶውን በዚያው ወጥመድ ውስጥ እንተዋለን። ከዚህም በላይ ዛሬ በእውነተኛ ችግር የተጀመረው ‹‹ማካካስ›› ነገ ችግር በሌለበት ይለመዳል። ‹‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል›› የሚለው አባባል እንዲህ ባለው በር ነው ወደ ሙያ የሚገባው፤ መጀመሪያ ርኅራኄ መስሎ።

ሌላም የዘመናችን ጉዳይ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተስፋፋው የትጥቅ ግጭት ሰው ሞቷል፣ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ግንባታዎችም ቆመዋል። ጀምሮ የተወ ሥራ ሣር ይበቅልበታል፤ ዝናብ ያገኘው ፌሮ ይዝጋል። አንድ ቀን ሥራው ሲቀጥል አዲስ ተቋራጭ ይመጣና ‹‹ከዚህ ወለል በታች ምን አለ?›› ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ያለው በመዝገቡ ውስጥ ብቻ ነው። መዝገቡ እውነተኛ ከሆነ ሥራው ከቆመበት ይቀጥላል። ሐሰተኛ ከሆነ ወይ ፈርሶ እንደገና ይሠራል፣ ወይም በማይታወቅ መሠረት ላይ ይጫናል። ለድሃ አገር ሁለቱም መከራ ነው። ሰላም ሲመጣ የሚጠብቀን ሥራ ብዙ ነው፤ የሚጀመረውም ቀድሞ የተቀበረውን በማመን ወይም ባለማመን ነው።

ሕጉም ቢሆን የተቀበረውን አልዘነጋም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ጊዜ አንሥቶ ለ10 ዓመት በደንብ ለመሠራቱና ለጽናቱ ዋስ ነው ይላል። መልካም ሕግ ነው። ግን 10 ዓመቱ ያልፋል፤ ትምህርት ቤቱ ግን 50 ዓመት ሊቆም ይገባዋል። ሕግ ከሚያቆምበት እስከዚያ ድረስ ያለው ዋስ ያ በጉድጓዱ አፋፍ ላይ የቆመው ሰው ኅሊና ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ለኪ የማን ወገን ነው? አሠሪው መሐንዲስ አለው፤ ተቋራጩ ጠበቃ አለው፤ ሁለቱም ለራሳቸው ይናገራሉ። በልኬቱ ቦታ የማይገኙት ግን ሌሎች ናቸው፤ ከእህሉ ሸጦ መዋጮ ያዋጣው ገበሬ፣ ሜትር የማያነበው ቆፋሪ፣ ገና ያልተወለደው ተማሪ። እነዚህ ወኪል የላቸውም። ስለዚህ የለኪው ወገንተኝነት በቦታው ላልተገኘው ነው እንላለን። ይህ ማለት ተቋራጩን መበደል አይደለም፤ እውነተኛ ልክ ለተቋራጩም ይፈርድለታል። የሠራውን ቀንሶ መመዝገብ ጨምሮ የመመዝገብ ያህል ሐሰት ነው።

ይህ ባዶ ስብከት ሆኖ እንዳይቀር በእጃችን ያለውን እንናገር። ማናቸውም የሚሸፈን ሥራ ሁለቱ ወገኖች ባሉበት ሳይለካ፣ ሳይጻፍና ሳይፈረም አይሸፈን፤ ደንቡም ይህንኑ ያዛል፣ ልማዱ ነው ያሰነፈው። ዛሬ በየኪሳችን ካሜራ አለ፤ ሜትሩ ተዘርግቶ፣ ቀኑ ታይቶ ፎቶ ይነሣ። ለቆፋሪው የሚለካው በዚያው ሜትር፣ በዚያው ሰዓት ይለካ፤ ሁለት መዝገብ አይኑር። ትምህርት ቤት የሚሠራበት ቀበሌም ውጤቱ በአማርኛ ይነበብለት፤ ‹‹መሠረቱ ይህን ያህል ጠልቋል፣ ብረቱ ይህን ያህል ገብቷል›› ይባል። ገበሬው አይገባውም የሚል ካለ የ60 ቆርቆሮ ቤት ሒሳብ በቃሉ የሚሠራ ሰው መሆኑን ያስታውስ። አንዳንዱ እንዲያውም ‹‹ልጄ፣ ኑሮውን እንጂ ቁጥሩን መች አጣነው!›› ይለን ይሆናል።

በ1960 ዓ.ም. የእነዚህ ገበሬዎች አባቶች ለኪን በጠመንጃ ጠብቀዋል። ጠላታቸው በገመዱ ጫፍ ያለው የማያምኑት እጅ ነበር። ዛሬ ያ ጫፍ ወደ እኛ እጅ እየመጣ ነው፤ ዲግሪ ተብሎ ይሰጠናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በግንባታ ላይ ግን እውነት እያደር የሚጠራው አንድም በመዝገብ አንድም በስንጥቅ ነው። በመዝገብ ይሁን ወይስ በስንጥቅ የሚለውን የምንወስነው፣ አፈሩ ከመመለሱ በፊት ባለችው አጭር ሰዓት ውስጥ ነው።